ስማቸው ያልተጻፈ ዕጩዎች፤ የአሜሪካ የሲኒማ አካዳሚና የ1957ቱ ደንብ

የታሪክ ተማሪ ማስረጃ ሲፈልግ ከሁሉ ይልቅ የሚያምነው የስም ዝርዝርን ነው። ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ሊያጋንን፣ ዜና መዋዕል የሚጽፍ ሰው ሊያወድስ ይችላል፤ የስም ዝርዝር ግን ማንንም ለማስደሰት የተጻፈ ስለማይመስል ያለ ጥርጣሬ እንጠቀምበታለን። የዚህ አጭር ጥናት ዐሳብ ይህ እምነት ምን ያህል እንደሚያሳስት በአንድ ምሳሌ ለማሳየት ነው። ምሳሌውም የአሜሪካ የሲኒማ ጥበብና ሳይንስ አካዳሚ በየዓመቱ ለሚሰጠው፣ በተለምዶ ኦስካር ለሚባለው ሽልማት የሚወጣው የዕጩዎች ዝርዝር ነው። ከዝርዝሮቹም መካከል በ1956 ለቀረቡት ፊልሞች ደራሲያን የወጣውን መርጫለሁ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያለው ወርና ዓመት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ እንዲያስታውስልኝ እለምናለሁ።

ሲኒማ የማታ መዝናኛ እንጂ የታሪክ ጥናት ጉዳይ አይደለም የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ከዚህ በታች የሚነገርላቸው ሰዎች እንጀራቸው የተቋረጠው በዚሁ መዝናኛ በተባለው ሥራ ላይ ሳሉ ነው፤ አንዳንዶቹ ታስረዋል፣ አንዳንዶቹም ከአገራቸው ወጥተዋል። የጻፉትን ጽሑፍ ዓለም ሲያየው ስማቸው ግን እንዳይታይ ተደርጓል።

አካዳሚው የተመሠረተው በ1927 ሲሆን ዐሳቡን ያመነጨው የሜትሮ ጎልድዊን ሜየር ኩባንያ መሪ ሉዊስ ሜየር ነው። የመጀመሪያው ሽልማት በሜይ 16 ቀን 1929 በሆሊውድ ሩዝቬልት ሆቴል በእራት ግብዣ ላይ ተሰጠ፤ ተሸላሚዎቹ ግን ከሦስት ወር በፊት ታውቀው ስለነበር ያ ማታ ልብ የሚያንጠለጥል ነገር አልነበረበትም። ምስጢር የመጠበቁ ልማድ የመጣው ቆየት ብሎ ነው። በ1940 አንድ የሎስ አንጀለስ ጋዜጣ የተሸላሚዎቹን ስም ከግብዣው በፊት አውጥቶ ስላሳፈራቸው፣ ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ ውጤቱ በታሸገ ፖስታ እንዲመጣ ተደረገ። የምርጫው አካሄድ በጠቅላላው እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ እያንዳንዱን ሞያ የዚያው ሞያ ሰዎች ያጫሉ፤ ደራሲን ደራሲያን፣ ተዋናይን ተዋንያን ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ከዕጩዎቹ አንዱን አባላቱ ሁሉ በድምፅ ይመርጣሉ። በቋንቋችን ዕጩና እጮኛ የአንድ ሥር ቃላት ናቸው፤ የታጨች ሁሉ እንደማትዳር፣ ከአምስቱ ዕጩዎች አራቱ ባዶ እጃቸውን ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ቢሆንም መታጨት ራሱ ትልቅ ክብር ሆኖ ይቆጠራል፤ የሞያ ባልደረባ የሰጠው ምስክርነት ነውና።

አሁን ወደ 1956 ዝርዝር እንግባ። በዚያ ዓመት ለደራሲያን የሚሰጠው ሽልማት ሦስት ክፍል ነበረው። አንዱ ከመጽሐፍ ወይም ከሌላ ድርሰት ለተወሰደ የፊልም ጽሑፍ፣ ሁለተኛው በቀጥታ ለፊልም ለተጻፈ ጽሑፍ፣ ሦስተኛው ደግሞ የፊልሙን መነሻ ታሪክ ለፈጠረ ሰው የሚሰጥ ነው። በዚህ በሦስተኛው ክፍል የታጩት እነዚህ ነበሩ፦ ሊዮ ካቸር ስለ ፒያኖ ተጫዋቹ ኤዲ ዱቺን ሕይወት በጻፈው ታሪክ፤ ኢጣሊያዊው ቼዛሬ ዛቫቲኒ «ኡምቤርቶ ዲ» በተባለው ፊልም፤ ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዣን ፖል ሳርትር በሜክሲኮ ስለሚደርስ ወረርሽኝ በሚተርክ ፊልም፤ ኤድዋርድ በርንድስና ኤልዉድ ኡልማን «ሃይ ሶሳይቲ» በተባለው ፊልም፤ በመጨረሻም ሮበርት ሪች የተባለ ሰው «ዘ ብሬቭ ዋን» ማለት «ጀግናው» በተባለው ፊልም።

ከነዚህ መካከል የበርንድስና የኡልማን መታጨት የሚያስቅ ስሕተት ነበር። በ1956 «ሃይ ሶሳይቲ» የሚል ስም ያለው፣ ግሬስ ኬሊና ቢንግ ክሮዝቢ የሚታዩበት ታላቅ የሙዚቃ ፊልም ወጥቶ ነበር። በርንድስና ኡልማን የጻፉት ግን በ1955 የወጣ፣ ያንኑ ስም የያዘ፣ በጥቂት ገንዘብ የተሠራ የቀልድ ፊልም ነው። መራጮቹ ስሙን ብቻ አይተው ተሳሳቱ። ታላቁ ፊልም ቢሆንም እንኳ ከቲያትር የተወሰደ ስለሆነ በአዲስ መነሻ ታሪክ ክፍል ሊታጭ አይገባውም ነበር። ሁለቱ ደራሲያን ስሕተቱን ባወቁ ጊዜ ክብሩ የኛ አይደለም ብለው ስማቸውን ራሳቸው አስወጡ። ይህ ምግባራቸው ሊመሰገን የሚገባው ነው፤ ደግሞም በዚያ ዓመት ስሙን በዝርዝሩ ላይ ማየት እየተገባው የተከለከለ ሌላ ደራሲ እንደነበረ ስናስብ፣ ያልተገባቸውን ስም ያስወጡት የነዚህ ሰዎች ነገር በልብ ይቀራል።

ሮበርት ሪች የተባለው ደራሲ ደግሞ ጨርሶ አልነበረም። ይህ እንዴት እንደሆነ ለመረዳት ዐሥር ዓመት ያህል ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል።

በኦክቶበር 1947 የአሜሪካ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ለአገሩ ጠባይ ተቃራኒ የሆኑ ሥራዎችን እንዲመረምር ያቋቋመው ኮሚቴ የሆሊውድን ሰዎች ወደ ዋሽንግተን ጠራ። ጥያቄው የኮሙኒስት ፓርቲ አባል ናችሁን፣ ወይስ ቀድሞ ነበራችሁን የሚል ነበር። ዐሥር ሰዎች፣ አብዛኛዎቹ ደራሲያን፣ የሰውን የፖለቲካ እምነት መጠየቅ በሕገ መንግሥቱ ለዜጎች ከተሰጠው ነጻነት ጋር አይስማማም በማለት ሳይመልሱ ቀሩ። በኖቬምበር 24 ቀን ምክር ቤቱ ደፍረውኛል ብሎ ወሰነባቸው፤ በማግሥቱ የፊልም ኩባንያዎች መሪዎች በኒውዮርክ ዋልዶርፍ አስቶሪያ ሆቴል ያደረጉትን ስብሰባ ጨርሰው፣ ዐሥሩን ሰዎች እንደሚያሰናብቱና ኮሙኒስት መሆኑን እያወቁ ማንንም እንደማይቀጥሩ ተስማሙ። ጥቁር መዝገብ የሚባለው ነገር እንዲህ ተጀመረ። በመንግሥት ሕግ የታወጀ አልነበረም፤ አሠሪዎች ያደረጉት ስምምነት ነው። እንዲህ ያለው ነገር ይግባኝ የሚባልበት ዳኛ ስለሌለው ከሕግ ይልቅ ይከብዳል።

ከዐሥሩ አንዱ ዳልተን ትራምቦ ነበር። ትራምቦ በሆሊውድ ከፍተኛ ዋጋ ከሚከፈላቸው ደራሲያን አንዱ ሲሆን «ኪቲ ፎይል» ለተባለው የ1940 ፊልም በጻፈው ጽሑፍ በራሱ ስም ታጭቶ ያውቃል። በ1950 ታስሮ ዐሥር ወር ያህል በኬንታኪ ወህኒ ቤት ተቀመጠ። ከተፈታ በኋላ ቤተ ሰቡን ይዞ ወደ ሜክሲኮ ሄደ። መጻፉን ግን አልተወም፤ ቢተወው ኖሮ ልጆቹን በምን ያሳድግ ነበር? ጽሑፉን በሌላ ሰው ስም ወይም በተፈጠረ ስም እየሸጠ፣ ቀድሞ ከሚያገኘው በጣም ያነሰ ዋጋ እየተቀበለ ይኖር ጀመር። አዘጋጆቹም ብልኅ ነጋዴዎች ናቸውና ጥሩ ዕቃ በርካሽ ማግኘታቸውን አልጠሉትም። የጥቁር መዝገቡ ነገር ሲነሣ ስለ አገር ደኅንነት ብዙ ይባላል፤ ገበያው ግን ሰውየውን በር ዘግቶ ጽሑፉን በመስኮት ይቀበል ነበር።

ከዚህ ንግድ የተገኘው የመጀመሪያው ትልቅ ሽልማት «ሮማን ሆሊዴይ» በተባለው የ1953 ፊልም ነው። የፊልሙን መነሻ ታሪክ የፈጠረው ትራምቦ ሲሆን፣ ለኩባንያው የቀረበው ግን በወዳጁ በኢየን ማክሌላን ሃንተር ስም ነው። በማርች 1954 ሽልማቱ ለሃንተር ተሰጠ። ሃንተርን በስርቆት የሚከስ ሰው ቢኖር ፍርዱ ያልተስተካከለ ይሆናል፤ ወዳጁን ለመርዳት ስሙን አበደረ እንጂ የሰው ሥራ አልቀማም፤ በኋላም እሱ ራሱ በጥቁር መዝገብ ገብቷል።

ማይክል ዊልሰን የሚባለው ደራሲ ዕድል ደግሞ ከዚህ የተለየ ነው፤ የኛም ጥያቄ ዋና ፍሬ ያለው በእሱ ላይ ነው። ዊልሰን በሴፕቴምበር 1951 በኮሚቴው ፊት ቀርቦ መልስ አልሰጥም አለ። ሆኖም በማርች 1952 «ኤ ፕሌስ ኢን ዘ ሰን» ለተባለው ፊልም ከሃሪ ብራውን ጋር በጻፈው ጽሑፍ ኦስካር ተሸለመ። ይህን ማስታወስ ያስፈልጋል። በዚያ ጊዜ አካዳሚው ሥራውን ከሰውየው ለይቶ ይመዝን ነበር ማለት ነው፤ ኩባንያ አይቀጥረውም፤ ባልደረቦቹ ግን የጻፈውን አንብበው ጥሩ ነው ሊሉ ይችላሉ።

ይህ ዐይነቱ ነጻነት ብዙ አልቆየም። በ1952 የፊልም ደራሲያን ማኅበር ራሱ፣ በኮሚቴ ፊት ራሱን ነጻ ያላደረገን ደራሲ ስም አዘጋጆች ከፊልሙ ላይ ለማስቀረት እንዲችሉ ተስማማ። ደራሲን ለመጠበቅ የተቋቋመ ማኅበር የደራሲን ስም ለመፋቅ ሲፈርም ማየት የሚያሳዝን ነገር ነው። የዚህ ውል ውጤት በ1956 «ፍሬንድሊ ፐርስዌዥን» በተባለው ፊልም ላይ ታየ። ፊልሙ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን በኢንዲያና ይኖር ስለነበረ፣ ሃይማኖቱ መሣሪያ ማንሣትን ስለሚከለክለው አንድ የክዌከር ቤተ ሰብ የሚናገር ሲሆን፣ ከጄሳሚን ዌስት መጽሐፍ አውጥቶ ለፊልም እንዲሆን የጻፈው ዊልሰን ነው። ጽሑፉም የተሠራው ከኮሚቴው ምርመራ በፊት በ1946 ነበር። ፊልሙ ሲወጣ ግን የመጽሐፉ ደራሲ ስም ተጽፎ፣ የፊልሙ ጽሑፍ የማን እንደሆነ ሳይነገር ቀረ። ተመልካች ጽሑፉ ከሰማይ የወረደ ሊመስለው ይችል ነበር።

የፊልሙ ጽሑፍ ለሽልማት ሊታጭ መሆኑ ግልጽ ሆነ። የአካዳሚው መሪዎችም በፌብሩዋሪ 1957፣ ዕጩዎቹ ሊታወቁ ጥቂት ቀን ሲቀር፣ አዲስ ደንብ አወጡ። ደንቡ በአጭሩ እንዲህ ነው፦ በመንግሥት የምርመራ ኮሚቴ ፊት የኮሙኒስት ፓርቲ አባል መሆኑን ያመነና ፓርቲውን በግልጽ ያልካደ፣ ወይም ስለዚሁ ተጠይቆ ያልመለሰ፣ ወይም ተጠርቶ ያልቀረበ ሰው በዚህ አቋሙ እስከ ጸና ድረስ ለማናቸውም ሽልማት ብቁ አይሆንም። ስለዚህ የ1956ቱ ዝርዝር ሲወጣ «ፍሬንድሊ ፐርስዌዥን» በተወሰደ ጽሑፍ ክፍል ተጽፎ፣ በደራሲው ስም ቦታ ግን ጸሐፊው በአካዳሚው ደንብ መሠረት ለመታጨት ብቁ አይደለም የሚል ማስታወሻ ተደረገ። ጽሑፉ ታጨ፤ የጻፈው ሰው አልታጨም። የደራሲያን ማኅበር ግን በዚያው ዓመት የራሱን ሽልማት ለዚሁ ጽሑፍ መስጠቱ፣ ከአምስት ዓመት በፊት የፈረመው ውል ሕሊናውን ሳይወቅሰው እንዳልቀረ ያስገምታል።

እንግዲህ ሁለቱን አስተያይተን እንመልከት። ዊልሰን በእውነተኛ ስሙ ስለጻፈና ማንነቱ ስለታወቀ ደንቡ ያዘው። ትራምቦ በሐሰት ስም ስለጻፈ ደንቡ አላየውም። በዚያው ዓመት በዚያው ዝርዝር አንዱ ተሰረዘ፣ ሌላው ታጨ። ደንቡን ያወጡት ሰዎች ኮሙኒስት የተባለ ሰው እንዳይከበር ፈልገው ነበር፤ ያገኙት ውጤት ግን ሐቀኛው ተከልክሎ የተሸሸገው እንዲያልፍ ሆነ። በኔ አስተያየት የደንቡ ከባድ ስሕተት ጭካኔው ብቻ አይደለም። ሰው ስሙን እንዲደብቅ የሚያስተምር ደንብ ነበር።

«ጀግናው» የተባለው ፊልም ሊዮናርዶ የተባለ የሜክሲኮ ገበሬ ልጅ ስላሳደገው ኮርማ ይናገራል። ኮርማው ለፍልሚያ ወደ ሜዳ ሲገባ በጀግንነቱ ሕዝቡ ይማርለት ብሎ ይጮኻል፤ ሳይገደልም ይወጣል። ይህን ትራምቦ በስደት አገሩ ካየው የፍልሚያ ልማድ አፍልቆ ጻፈው። አዘጋጆቹ የኪንግ ወንድማማቾች በደራሲው ስም ቦታ ያስቀመጡት የአንድ ዘመዳቸውን ስም ነበር፤ ሮበርት ሪች የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ነው።

በማርች 27 ቀን 1957 ማታ በሆሊውድ ፓንቴጅስ ቲያትር ተዋናይቱ ዴቦራ ካር ፖስታውን ቀድዳ ሮበርት ሪች ብላ ጠራች። ማንም አልተነሣም። በመጨረሻ የደራሲያን ማኅበር ምክትል ሊቀ መንበር የነበረው ጄሲ ላስኪ ትንሹ ወደ መድረኩ ወጥቶ ሽልማቱን በሪች ስም ተቀበለ፤ ወዳጁ ሚስቱ ልትወልድ ስለሆነ ከእሷ ዘንድ ነው ሲልም ለጉባኤው ተናገረ። ላስኪ ሰውየውን በዐይኑ አይቶት አያውቅም ነበር። በማግሥቱ የማኅበሩ ጸሐፊዎች መዝገባቸውን ቢመረምሩ ሮበርት ሪች የሚባል አባል አጡ። ጋዜጠኞች ሰውየውን ፍለጋ ወጡ፤ ትራምቦም አንተ ነህ ወይ እያሉ ለሚጠይቁት ሁሉ አዎንም አይደለምንም ሳይል ነገሩን ያንቀሳቅሰው ጀመር። ድምፁ በጥንቃቄ ተቆጥሯል፣ ፖስታው በሚገባ ታሽጓል፤ በውስጡ የተጻፈው ሰው ይኑር አይኑር ግን የጠየቀ አልነበረም።

በሚቀጥለው ዓመት ነገሩ ከዚህም የባሰ ሆነ። «ዘ ብሪጅ ኦን ዘ ሪቨር ክዋይ» የተባለውን ፊልም የጻፉት ዊልሰንና እንደሱ በጥቁር መዝገብ ያለው ካርል ፎርማን ሲሆኑ፣ በማርች 1958 ሽልማቱ ለፒየር ቡል ተሰጠ። ቡል መጽሐፉን በፈረንሳይኛ የደረሰ ሰው ነው፤ የእንግሊዝኛውን የፊልም ጽሑፍ ግን አልጻፈም።

ደንቡ የወደቀው በሦስተኛው ዓመት ነው። በ1958 «ዘ ዲፋያንት ዋንስ» የተባለ፣ አንድ ነጭና አንድ ጥቁር እስረኛ በአንድ ሰንሰለት ታስረው ሲያመልጡ የሚያሳይ ፊልም ወጣ፤ ተዋንያኑ ቶኒ ከርቲስና ሲድኒ ፖይቲየር ሁለቱም ታጩ። ከጸሐፊዎቹ አንዱ ናታን ዳግላስ ተብሎ ቢጻፍም እውነተኛ ስሙ ኔድሪክ ያንግ ነበር፤ እሱም በኮሚቴ ፊት መልስ ያልሰጠ ሰው ነው። ያንግና የሥራ ባልደረባው ሃሮልድ ጄኮብ ስሚዝ በፊልሙ መክፈቻ ላይ በከባድ መኪና ተቀምጠው ይታያሉ፤ የጸሐፊዎቹም ስም በምስላቸው ላይ ይወጣል። ለሚያውቅ ሰው ምስጢሩ በግልጽ ተነግሯል ማለት ነው። ያንግ ማንነቱን በ1959 መባቻ አሳወቀ። አካዳሚውም በጃንዋሪ 1959 ደንቡን ሻረ። የሰጠው ምክንያት ደንቡ በሥራ ላይ ለማዋል የማይመች ሆኖ ተገኘ የሚል ነው። ትክክል አልነበረም፣ በደልን አላለም። በዚያው ወር ትራምቦ ሮበርት ሪች እኔ ነኝ ብሎ በቴሌቪዥን ተናገረ። በኤፕሪል ያንግና ስሚዝ ተሸለሙ። በ1960 ደግሞ «ኤክሶደስ» እና «ስፓርታከስ» የትራምቦን ስም በግልጽ ይዘው ወጡ።

ከዚህ በኋላ ያለው የማረም ታሪክ ረጅም ነው። ትራምቦ በሪች ስም የተሰጠውን ሐውልት የተቀበለው በ1975 ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት ሞተ። የፎርማንና የዊልሰን ሚስቶች የክዋይን ሽልማት በ1985 ተቀበሉ፤ ባሎቻቸው በዚያን ጊዜ በሕይወት አልነበሩም። የ«ሮማን ሆሊዴይ» ሽልማት በ1993 ለትራምቦ ሚስት ተሰጠ። ለ«ሎውረንስ ኦፍ አረቢያ» በ1962 ክፍል ሮበርት ቦልት ብቻውን ታጭቶ ነበር፤ በ1995 አካዳሚው የዊልሰንን ስም ጨመረበት። ዊልሰን የሞተው በ1978 ነውና፣ ይህ ዕጩነት የተሰጠው ከሞተ ከዐሥራ ሰባት ዓመት በኋላ ነው።

ይህ ማረሚያ ተገቢ መሆኑን የሚጠራጠር ያለ አይመስለኝም። ነገር ግን ለታሪክ ተማሪ አንድ ችግር ይፈጥራል። ዛሬ ዝርዝሩን የሚከፍት ሰው በ1956 መነሻ ታሪክ ክፍል ተሸላሚው ዳልተን ትራምቦ መሆኑን ያነባል። ሌላውን ታሪክ ካላወቀ፣ በ1957 ታስሮ የወጣ ደራሲ በሙሉ ጉባኤ ፊት ተጠርቶ ተከበረ፤ እንግዲያው ያ ዘመን እንደሚባለው ክፉ አልነበረም ብሎ ሊፈርድ ይችላል። የተስተካከለው ዝርዝር ስለ ሰውየው እውነቱን ሲናገር ስለ ዘመኑ ይዋሻል። የፊተኛው ዝርዝር ደግሞ ስለ ሰውየው ዋሽቶ ስለ ዘመኑ እውነቱን ይናገራል። በብራና መጻሕፍታችን የፊተኛው ባለቤት ስም ተፍቆ የኋለኛው ስም ሲጻፍበት አይተናል፤ ፍቀቱን ያየ ተመራማሪ ሁለቱንም ስሞች ይፈልጋል። ለኦስካርም ዝርዝር እንዲሁ ሁለቱ ጎን ለጎን ተጽፈው፣ መቼና በማን እንደተለወጡ ሊነገር ይገባል እላለሁ። አንዳንድ መምህራን ይህ ለሟቾቹ ቤተ ሰብ ሁለተኛ ውርደት ነው ሊሉ ይችሉ ይሆናል፤ እኔ ግን ትራምቦ ራሱ የሮበርት ሪችን ስም የሚያፍርበት አይመስለኝም።

የመነሻ ታሪክ ሽልማት የሚባለው ክፍል ከዚያች ማታ በኋላ ለብቻው አልተሰጠም። ከ1957 ፊልሞች ጀምሮ በቀጥታ ለፊልም ከሚጻፈው ጽሑፍ ክፍል ጋር ተጠቃለለ። ስለዚህ እስከ 1975 ድረስ በዚያ ክፍል ተሸላሚዎች መዝገብ በመጨረሻው መስመር ላይ ተጽፎ የቆየው፣ አንድም የፊልም ታሪክ ያልጻፈ የሮበርት ሪች ስም ነበር።